ዓመትን በንባብ መስፈር

በዓመት መግቢያ ላይ አንድ አንባቢ 12 ወይም 24 ወይም 52 መጻሕፍት አነባለሁ ብሎ ከራሱ ጋር ውል መግባቱ፣ ያነበበውንም በደብተር ወይም በስልኩ እየመዘገበ ምን ያህል እንደቀረው መቁጠሩ በዛሬው ዘመን በመጻሕፍት ወዳጆች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ይህ ልማድ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ሁለት የቆዩ ጥያቄዎችን ያስነሣል፤ አንደኛው ንባብ በቁጥር ሊሰፈር ይችላል ወይ የሚል የፍልስፍና ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ራሱ ሕግ አውጪ፣ ራሱ ታዛዥ፣ ራሱም ዳኛ በሆነበት ሥራ ድካሙ ለነፍሱ ይረባዋል ወይስ ለውዳሴ ከንቱ፣ ማለትም ከሰው ለሚገኝ ባዶ ምስጋና፣ ይውላል የሚል የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ሁለቱም ዓመትን በንባብ ከፋፍሎ መኖር የዘመናት ሥርዓት በሆነበት አገር ቢመረመሩ፣ ልማዱ ትናንት የተጀመረ ከሚመስልበት ከተማ ይልቅ ነገሩ በደንብ ይገለጣል።

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርደው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ እንዲህ ያለ አገር ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረ በሚነገርለት በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ፣ ዓመቱን በሙሉ በየበዓሉና በየሰንበቱ የሚዜመውን የያዘ ታላቅ የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ማስመስከሪያ የሚባለው ደግሞ በሌላ ቦታ የተማረ ደቀ መዝሙር ዕውቀቱ ተፈትኖ ለመምህርነት የሚበቃበት ጉባኤ ነው። በዚሁ አካባቢ ያለችው ዙር አምባ ከቁርባን በኋላ ለሚዜመው ለዝማሬና ለሙታን መታሰቢያ ለሚደርሰው ለመዋሥዕት ተመሳሳይ ማዕረግ አላት። ስለዚህ በዚህ አገር «አንብቤያለሁ» የሚለው ቃል ተናጋሪው ራሱ የሚያጸድቀው ቃል ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ሰው «እውነት ነው» ሊልለት ይገባል።

የዓመቱ ሥርዓት መሠረቱ የሚጣለው በንባብ ቤት ነው። ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ የዮሐንስን መልእክት ቆጥሮ፣ ንባቡን ከግዕዝ ወደ ውርድ፣ ከውርድም ወደ ቁም ንባብ እያሳደገ ዳዊት ላይ ይደርሳል፤ ዳዊትን ሲዘልቅ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር አጥንቶ ሲጨርስ፣ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ካህን ቢሆንም ገበሬ ሆኖ ቢቀርም መጽሐፉ ከእጁ አይወጣም፤ መዝሙሩ በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፣ አንድ ንጉሥ 10 መዝሙር ሆኖ፣ በሳምንቱ ቀናት ስለተደለደለ ሰኞ ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር የደገመ ሰው ቅዳሜ ላይ 150ውን ይፈጽማል፣ እሑድም ወደ ጸሎተ ነቢያትና ወደ መኃልየ መኃልይ ይሻገራል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በሰባቱ ቀናት የተከፈለች ናት። ሥርዓቱን ሳያቋርጥ የያዘ ሰው በዓመት ከ50 ጊዜ በላይ፣ በ40 ዓመት ውስጥም ከ2000 ጊዜ በላይ ያንኑ መጽሐፍ ዘልቆታል ማለት ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ግን የዚህ ሰው መዝገብ ላይ ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ይህ ስሌት በጊዜው ልማድ ላይ ለማሾፍ የቀረበ ሳይሆን፣ ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው፤ አንዱ አንባቢው በስንት መጽሐፍ ላይ እንዳለፈ ይቆጥራል፣ ሌላው መጽሐፉ በአንባቢው ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ።

ከሳምንቱ በላይ ያለው የዓመቱ ድልድል ደግሞ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ስንክሳር፣ ማለትም የቅዱሳንን ዜና በየዕለቱ ከፋፍሎ የያዘው መጽሐፍ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱን ንባብ ይሰጣል፤ ግጻዌ የሚባለው ደግሞ በየዕለቱ ቅዳሴ ከጳውሎስ፣ ከሌሎች ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራና ከወንጌል የትኛው ክፍል እንደሚነበብ፣ ከዳዊትም የትኛው ምስባክ እንደሚሰበክ ይወስናል። ድጓውም ከመስከረም መባቻ በሚጀምረው በዮሐንስ፣ በአስተምህሮ፣ ለዐቢይ ጾም ተለይቶ በተዘጋጀው በጾመ ድጓና በፋሲካ ተከፋፍሎ ዓመቱን ይከተላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ እንደ ግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በአንድ ቦታ የተቸነከረ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ በተባለው የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ስሌት መሠረት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5ም ዘግይቶ ስለማይገባ፣ ከጾሙ በፊት ያለው ወራት በአንዱ ዓመት ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል፣ ንባቡም አብሮት ይሰፋል ወይም ይጠባል። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና አንድ ተጨማሪ ዕለት ትመጣለች። የስሌቱ ታላቅ ዙር 532 ዓመት ስለሆነ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ሁሉንም የዓመት ዓይነቶች አይቶ ለመጨረስ አይበቃም።

ከዚህ አንድ ፍሬ ነገር ይወጣል። ከራሱ ጋር ውል የገባ አንባቢ ዓመቱን እንደ ባዶ ከረጢት ይመለከተዋል፤ ምን እንደሚከትበት የሚወስነው እርሱ ነው። በባሕረ ሐሳብ የሚመራ አንባቢ ግን ዓመቱን ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ከእርሱ የሚጠበቀው መምረጥ ሳይሆን መገኘት ነው። ልዩነቱ በተለይ የሚታየው ቀን ባመለጠ ጊዜ ነው። የቁጥር ዕቅድ ያመለጠውን ሁሉ ውዝፍ ያደርገዋል፤ በኅዳር ያልተነበበው በታኅሣሥ ላይ ይደረባል፣ በግንቦትም ወደ ኋላ መቅረቱን ያየ አንባቢ ወይ ዕቅዱን ይተወዋል ወይ ቁጥሩን ለማሟላት ቀጫጭን መጻሕፍት መፈለግ ይጀምራል፤ ይህን ሁለተኛውን የማያውቅ ዕቅድ አውጪ ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን የትናንቱ ስንክሳር ለዛሬ አይታከልም፤ ዕለቱ ከነንባቡ ያልፋል፣ በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ዓመቱ ዕዳ አይቆጥርም፤ ሰውም ቀጭኑን ክፍል መርጦ ወፍራሙን ሊዘል አይችልም።

ይህ ማለት ግን ሥርዓቱ ዕዳ የሚባል ነገር አያውቅም ማለት አይደለም። የንስሐ አባት፣ ማለትም ምእመኑ ኃጢአቱን የሚናዘዝለትና ምክር የሚቀበለው ካህን፣ ለንስሐ ልጁ ይህን ያህል ቀን ዳዊት ድገም፣ ይህን ያህል ስገድ ብሎ ቀኖና ሲሰጠው፣ የተሰጠው ልክ ሊፈጸም ይገባዋል። በጸሎቱም ውስጥ ቢሆን ቁጥር እንግዳ አይደለም፤ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ይባላል፣ መነኮሳትም በመቁጠሪያ ጸሎታቸውንና ስግደታቸውን ይቆጥራሉ። ስለዚህ መቁጠር በራሱ ሥጋዊ ነው፣ መንፈሳዊ ሰው አይቆጥርም የሚለው በአንዳንድ ሰባክያን አፍ የሚሰማው አነጋገር ትውፊቱን ያላገናዘበ ነው። መነኩሴው 41 የሚቆጥረው 42ኛውን ለማለት ስለሚያቅተው ሳይሆን፣ ልቡ ሲባዝን መቁጠሪያው እንዲመልሰው ነው፤ ቁጥሩ ከዝንጋታ ይጠብቀዋል እንጂ በመጨረሻ የሚደመር ሀብት አይሆንለትም። በተጨማሪም ልኩን የወሰነው እርሱ አይደለም፤ ወይ ሥርዓቱ ወይ አባቱ ነው።

እዚህ ላይ የቤተልሔምን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል ዕቅድን፣ በሌላ በኩል ፍጻሜን፣ በመካከላቸውም ምስክርን ለይቶ ያስቀመጠው እርሱ ነው። ድጓ የሚማር ተማሪ ከየኔታው እግር ሥር ሆኖ ቀለሙን፣ ማለትም የዕለቱን ትምህርት፣ በቃሉ ያጠናል፤ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይለያል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ የሚነገርላቸውን፣ ከፊደሉ በላይ በጥቃቅኑ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች ይማራል። በትውፊቱ መሠረት መጽሐፉንም በራሱ እጅ በብራና ላይ ይጽፋል፤ ይህ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቤተልሔም ሲደርስ ድጓው በዚያ ካለው ድጓ ጋር ተናብቦ ይታረማል፤ እርሱ ራሱም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያዜማል፣ የሳተውን ያቀናል፣ የጎደለውን ይሞላል። ተማሪው ከሸዋ ይምጣ ከጎጃም፣ ከወሎ ይምጣ ከትግራይ፣ ሁሉም በአንድ ልክ ስለሚታረም በእልፍ አእላፍ ገደላ ገደልና ወንዝ የተለያዩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አንድ የዜማ ስልት ይዘው ኖረዋል።

አሁን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ወንጌል ጸሎትና ምጽዋት በስውር እንዲደረግ ያስተምራል፤ መጻሕፍተ መነኮሳት በሚባሉት በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ላይ የተመሠረተው ትምህርትም መነኩሴው ተጋድሎውን ከሰው ዐይን እንዲሠውር አጥብቆ ያዛል። ታዲያ በጉባኤ ፊት መመስከር፣ «ድጓ የዘለቀ» ተብሎ መጠራት ውዳሴ ከንቱ አይሆንም ወይ? መልሱ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ንባብን በመለየት ነው። አንደኛው ለአደራ የሚነበብ ንባብ ነው፤ አንባቢው የተቀበለውን ለሌላ ያስረክባል፣ ቢሳሳት ስሕተቱ የብዙዎች ስሕተት ይሆናል፣ ስለዚህ በአደባባይ መፈተኑ ክብር ለመስጠት ሳይሆን ተረካቢውን ለመጠበቅ ነው። ሁለተኛው ለነፍስ የሚነበብ ንባብ ነው፤ ገበሬው ከበሬዎቹ ቀድሞ ተነሥቶ የሚደግመው ዳዊት የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ ስንት ጊዜ እንደደገመው ለጎረቤቱ ቢያወራ ያሳፍረዋል እንጂ አያስከብረውም። ለመጀመሪያው ምስክር ግድ ነው፤ ለሁለተኛው ምስክር ጉዳት ነው።

የዛሬው የንባብ ውል ችግር፣ ችግር ካለው፣ መቁጠሩ ሳይሆን እነዚህን ሁለቱን ማቀላቀሉ ነው። ለነፍስ የሆነውን፣ አንድን ልብ ወለድ ወይም አንድን የጸሎት መጽሐፍ ብቻውን ተቀምጦ ያነበበ ሰው፣ ቁጥሩን በአደባባይ ያውጃል፤ ለአደራ ሊሆን የሚገባውን፣ ማለትም መጽሐፉ ምን አለ፣ በትክክል ተረድቼዋለሁ ወይ የሚለውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ሊሠወር የሚገባው ይገለጣል፣ ሊፈተን የሚገባው ይሠወራል።

ይህን ካሉ በኋላ የጥንቱን ሥርዓት እንደ ንጹሕ ወርቅ ማቅረብ ሐሰት ይሆናል። ግዕዝ የማያውቅ ምእመን ዳዊትን ዕድሜውን ሙሉ ደግሞ አንዱን መዝሙር በቅጡ ሳይረዳው ሊሞት ይችላል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ይህን ስላወቁ ከንባብና ከዜማ በላይ የትርጓሜን ጉባኤ አቋቁመዋል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብለው በተከፈሉት መጻሕፍት ላይ መምህሩ ቃሉን በግዕዝ እያስነበበ በአማርኛ ሐተታ ይፈታዋል፣ አንድን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ያየዋል። ነገር ግን ወደዚህ ጉባኤ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ለመሆኑ ሳይረዱ መድገም ንባብ ነው? ለፈላስፋው አይደለም፤ ንባብ የሐሳብ መተላለፍ ከሆነ፣ ያልተላለፈ ሐሳብ አልተነበበም። ለሃይማኖተኛው ግን ጸሎት የሚደርሰው ለሰሚው እንጂ ለአንባቢው ብቻ አይደለምና ቃሉ ይሠራል። ሁለቱም መልሶች የራሳቸው እውነት አላቸው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ችላ ብሎ በሁለተኛው ብቻ መደገፍ ለስንፍና መሸሸጊያ እንደሚሆን ከትርጓሜ መምህራን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ንባብን በጊዜ የመደልደል ሐሳብ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በያሬድ ዘመን አቅራቢያ በኢጣልያ የኖረው አባ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት 150ው መዝሙር በየሳምንቱ እንዲፈጸም አዟል፤ ቀደምት አባቶች በአንድ ቀን ይፈጽሙት የነበረውን እኛ ለዘብተኞቹ በሳምንት እንኳ እንፈጽም የሚል ቁጭት ማከሉም ይታወቃል። በጾም መግቢያ ደግሞ እያንዳንዱ መነኩሴ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ ተቀብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ እንዲያነብ አድርጓል፤ መጽሐፉን የሚቀበለው ተሰጥቶት ነው እንጂ መርጦ አይደለም። በአይሁድ ዘንድ ረቢ ሜየር ሻፒሮ በ1923 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ታልሙድን በየቀኑ አንድ ቅጠል እያነበቡ፣ በዛሬው አቆጣጠር በ2711 ቀናት፣ የመፈጸም ሥርዓት በዓለም ዙሪያ ያሉ አንባቢያንን በአንድ ቀን አንድ ቅጠል ላይ ያገናኛል። ሙስሊሞችም ቁርኣንን በ30 ጁዝእ ከፍለው በረመዳን ወር ያኸትማሉ፣ ማለትም ከዳር ያደርሳሉ። በእነዚህ ሁሉ ልኩ ከአንባቢው ውጭ የተቆረጠ ነው፤ አንባቢውም ብቻውን አይደለም።

ብቻውን የሆነ አንባቢ ምሳሌም በኢትዮጵያ አይጠፋም። ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በተመራማሪዎች ዘንድ የሚያከራክረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ባለታሪኩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ባለ ዋሻ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ከእርሱ ጋር የነበረው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት እንደነበረ፣ በኋላም ወደ እንፍራዝ ሄዶ እንደኖረ ይተርካል። ይህ ሰው ያለ ባሕረ ሐሳብ፣ ያለ የኔታ፣ ያለ ምስክር አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ጸለየበት፤ ከድግግሞሹም የተገኘው ጥያቄ ነው። ታሪኩ በእርግጥ የተፈጸመ ይሁን ወይም በኋላ የተደረሰ፣ የሚያሳየው ነገር አይለወጥም፦ ድግግሞሽ የግድ ልብን አያደነዝዝም፣ ብቸኝነትም የግድ ወደ ከንቱ ውዳሴ አይወስድም። የዘርዓ ያዕቆብ ዋሻ ግን የሚያይ ሰው አልነበረበትም፤ የሚቆጥርለትም አልነበረም።

ከራስ ጋር ለሚገባ ውል ሊሰጠው የሚገባው ትልቁ ፍርድ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። የቤተልሔምና የዙር አምባ መንገድ ምንም ያህል የከበረ ቢሆን ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ እህል እየለመነ ከአገር አገር መዞር የሚችለው ወንድ ልጅ ነበር። የዐይን ብርሃን ማጣት እንኳ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም፤ ትምህርቱ በቃል ስለሆነ ብዙ ዐይነ ስውራን ታላላቅ መምህራን ወጥተውበታል። ሴት መሆን ግን ዘግቶታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ብርቅ ስለሆኑ ነው፤ ለእርሳቸውም ቢሆን ትምህርቱ የተገኘው በአባታቸው ቤት ነበር። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የምትኖር አንዲት ልጅ ዛሬ በደብተሯ ጫፍ 12 መጻሕፍት ብላ ስትጽፍ ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አላዘዛትም፤ ልኩን ራሷ መቁረጧ ከትዕቢት ሳይሆን ቆራጭ ስላልነበራት ነው። የሚቀረው ምስክሩ ነው፤ እርሱም ድምር የሚሰማ ሳይሆን ከ12ቱ አንዱን ብቻ አንሥቶ «እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱን ሰምቶም «እንደገና አንብቢው» ሊል የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በየወሩ በጽዋ ማኅበር ከሚሰበሰቡት መካከል፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ከሚያስተምሩት መካከል፣ ወይም ንባብ ቤት ገብተው ከዳዊት ሳያልፉ ከቀሩ አባቶች መካከል ሊገኝ ይችላል።